ቪዛ የሰጠው እጅና ፈቃድ የሚሰጠው እጅ

ስለ ስደት ኑሮ በተወራ ቁጥር «ታክሲ የሚነዳው ዶክተር» ሳይጠቀስ አይቀርም። የካናዳ የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ይህ አባባል ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ለማጣራት የ2006ን የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ያደረገ ጥናት በ2012 አውጥቶ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመላ አገሪቱ ታክሲ መንዳትን ዋና ሥራቸው ካደረጉት 50 ሺህ ያህል ሰዎች መካከል የሕክምና ወይም የፒኤችዲ ዲግሪ ያላቸው 255 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ከእነዚህም 200 ያህሉ ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። ቁጥሩ ከወሬው እጅግ ያንሳል። ይሁንና ያው ጥናት ብዙም ያልተወራለት ሌላ ነገር አሳይቷል። ከስደተኞቹ ሾፌሮች አምስት አንዱ ገደማ የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ሲኖረው፣ እዚያው ከተወለዱት ሾፌሮች ዲግሪ የያዙት ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም ነበር። ስለ አንዱ ሐኪም ስንነጋገር፣ ስማቸው የማይነሳ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ መሐንዲሶች፣ መምህራንና ፋርማሲስቶች በየመጋዘኑ፣ በየጥበቃ ሥራውና በየአረጋውያን መንከባከቢያው ሙያቸውን እንደ ያዙ መቅረታቸውን እንዘነጋለን።

ከዚያ ወዲህ የወጡ ቁጥሮችም ይህንኑ ያጠናክራሉ። በካናዳ የ2021 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት፣ ዲግሪያቸውን ከአገሪቱ ውጭ ካገኙ ሠራተኞች ከአራት አንድ የሚበልጡት ከሁለተኛ ደረጃ ያለፈ ትምህርት በማይጠይቅ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ይህም እዚያው ከተማሩት ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ነው። በውጭ አገር በነርስነት ከሠለጠኑት መካከል በነርስነት ወይም በተቀራራቢ ሥራ ላይ የተገኙት 36.5 ከመቶ፣ በሕክምና ከተመረቁት መካከል በሐኪምነት የሚሠሩት ደግሞ 41.1 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በካናዳ ከተማሩት ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ በሙያቸው ላይ ነበሩ። አገሪቱ በዚያው ወቅት ነርስና የቤተሰብ ሐኪም አጣሁ እያለች ስትጮኽ ነበር። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኅብረቱ ውጭ የመጡ የከፍተኛ ትምህርት ምሩቃን ወደ 40 ከመቶ የሚጠጉት ከትምህርታቸው በታች በሆነ ሥራ ላይ ሲገኙ፣ ከአገሬው ምሩቃን በዚህ ሁኔታ ያሉት 20 ከመቶ አካባቢ ናቸው። በአሜሪካ የማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት በ2016 ያወጣው ጥናት ደግሞ ሥራ ያጡ ወይም ዝቅተኛ ችሎታ በሚጠይቅ ሥራ ላይ ያሉ ኮሌጅ የጨረሱ ስደተኞችን 2 ሚሊዮን ያህል አድርሷቸዋል፤ በዚህም ምክንያት በየዓመቱ ሳይገኝ የሚቀረውን ደመወዝ 39 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብሎ ገምቶታል።

ለዚህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ወይ የቀጣሪው አድልዎ ነው፣ ወይ የስደተኛው የቋንቋ ድክመት። ሁለቱም ድርሻ አላቸው። በእኔ ግምት ግን ከሁለቱም ቀድሞ መታየት ያለበት የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው። ሰውየውን ወደ አገር የሚያስገባው እጅና ወደ ሙያው የሚያስገባው እጅ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱ እምብዛም አይነጋገሩም፤ በመካከላቸው የሚባክነውን ጊዜ ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ስደተኛው ብቻ ነው።

የማይነጋገሩ በሮች

ካናዳ በ1967 የነጥብ ሥርዓትን ስትጀምር የነበረው ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ የመጣበት አገርና ዘሩ መታየቱ ቀርቶ ትምህርቱ፣ ዕድሜው፣ የቋንቋ ችሎታውና የሥራ ልምዱ ይቆጠርለት የሚል ነው። ከጥር 2015 ጀምሮ ኤክስፕረስ ኢንትሪ በተባለው ባለሙያዎች ቋሚ ነዋሪነት በሚጠይቁበት መንገድ የሚያመለክተውም ሰው በመሠረቱ የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው። የመግቢያ ፈቃዱ የደረሰው መሐንዲስ «የተቀበሉኝ መሐንዲስ ስለ ሆንኩ ነው» ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። እውነትም ነጥቡን ያገኘው በዚያ ነው። ነገር ግን በመሐንዲስነት የመፈረም መብት የሚሰጠው ቪዛውን ያተመው የፌዴራል መንግሥት አይደለም። ይህን ሥልጣን ሕጉ ለክፍላተ ሀገር የሰጠ ሲሆን፣ እነሱ ደግሞ በአብዛኛው በሙያው አባላት ለሚመሩ ተቆጣጣሪ አካላት አሳልፈው ሰጥተዋል። በአሜሪካ ፈቃድ የሚሰጡት 50ዎቹ ግዛቶች፣ በጀርመን በብዙ ሙያዎች 16ቱ የፌዴራል ክልሎች ናቸው። አንዱ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል እጥረትን እያየ ይጋብዛል፤ ሌላው የሙያውን ደረጃ እያየ ያጣራል። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ትእዛዝ ሊሰጠው አይችልም።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ደግሞ በመካከል ያለ አንድ ወረቀት ነው። ካናዳ ከ2013 ጀምሮ በሙያ ለሚገቡ አመልካቾች የትምህርት ማስረጃ ግምገማ ግዴታ አድርጋለች። ገምጋሚው ድርጅት የውጭውን ዲግሪ አይቶ «ከካናዳ የመጀመሪያ ዲግሪ ጋር አቻ ነው» የሚል ሰነድ ይሰጣል። ይህን ሰነድ የሙያ እውቅና አድርጎ የሚወስደው ሰው ጥቂት አይደለም። ሰነዱ ግን የሚናገረው ስለ ትምህርቱ ደረጃ ብቻ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው አካል ብዙውን ጊዜ ግምገማውን እንደ ገና ከሥሩ ይጀምረዋል። አውስትራሊያ በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ ትከተላለች፤ በሙያው የሚያመለክተው ሰው ከቪዛው በፊት ለሙያው በተመደበው ገምጋሚ አካል እንዲመዘን ትጠይቃለች። ይህም ቢሆን ፈቃድ በሚጠይቁ ሙያዎች ከምዝገባ ነጻ አያደርግም። ሆኖም አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የወደቀው ሰው መውደቁን የሚሰማው ሥራውን ሳይለቅና ቤቱን ሳይሸጥ ነው።

ሁሉም ሙያ በአንድ ዓይነት በር አይገባም። በካናዳ ፈቃድ የሚጠይቁት ሥራዎች ከጠቅላላው 20 ከመቶ ያህል ናቸው ተብሎ ይገመታል። በአሜሪካ በ1950ዎቹ ከ20 ሠራተኞች አንዱ ብቻ የመንግሥት የሙያ ፈቃድ ያስፈልገው የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ከአራት ወይም ከአምስት ሠራተኞች አንዱ ይህን ይጠየቃል። ስለዚህ ዛሬ የሚሰደድ ባለሙያ ከአያቱ ዘመን ስደተኛ ይልቅ ብዙ የተቆለፉ በሮች ይጠብቁታል። የሶፍትዌር ባለሙያ ፈቃድ አይጠየቅም፤ የሠራውን ኮድ ማሳየት ይችላል፤ ለዚህም ነው ከሌሎቹ ቀድሞ በሙያው የሚገኘው። በሌላው ጫፍ ያለው የሕግ ባለሙያ ነው። እውቀቱ ራሱ ከአንድ አገር ሕግ ጋር የተሰፋ ስለ ሆነ፣ አዲስ አገር ሲገባ እንደ ገና ከመማር በቀር ብዙ አማራጭ የለውም። ይህንን ኢፍትሐዊ ነው ማለት ያስቸግራል።

ምህንድስና በመካከል ይገኛል። በ1989 የተፈረመው የዋሺንግተን ስምምነት የአባል አገሮች የምህንድስና ትምህርት ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው እንደ አቻ እንዲታዩ ያደርጋል። ሲጀመር አባላቱ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ብቻ ነበሩ፤ ከአፍሪካ ቀድማ የገባችው ደቡብ አፍሪካ በ1999 ነው። ከአባል አገር የተመረቀ መሐንዲስ የዲግሪው ጉዳይ በአንድ ደብዳቤ ሊያልቅለት ሲችል፣ ከአባላቱ ውጭ የተመረቀው ግን ምናልባት ያንኑ መማሪያ መጽሐፍ ተምሮ ሳለ እያንዳንዱን ኮርስ እያስረዳ ተጨማሪ ፈተና ይቀመጣል። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ2005 የወጣው መመሪያ ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ የጥርስ ሐኪም፣ ፋርማሲስት፣ የእንስሳት ሐኪምና አርኪቴክት በአንዱ አባል አገር ያገኙት ማስረጃ በሌላውም በቀጥታ እውቅና እንዲያገኝ ያደርጋል፤ ከኅብረቱ ውጭ የሠለጠነውን ባለሙያ ግን ይህ ቀጥተኛ መንገድ አይመለከተውም። እውቅና የሚመራው በሰውየው እውቀት ብቻ አይደለም፤ አገሮች አስቀድመው በተዋዋሉት ውልም ይመራል።

የሕክምና መንገድ ሁሉንም ችግር በአንድ ላይ ስለሚያሳይ በርከት ያለ ቦታ ይገባዋል። ከአሜሪካ ውጭ የተመረቀ ሐኪም በመጀመሪያ ዲፕሎማው በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲረጋገጥለት ያስደርጋል፤ ከዚያም የአገሪቱን የሕክምና ፈቃድ ፈተናዎች ደረጃ በደረጃ ያልፋል። ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላም፣ በአገሩ ለ15 ዓመት ቀዶ ሕክምና ሲሠራ የቆየ ቢሆን እንኳ፣ ሬዚደንሲ ለሚባለው፣ አዲስ ምሩቅ ሐኪሞች በሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ ለሚወስዱት ሥልጠና እንደ አዲስ ምሩቅ ይወዳደራል። የአሜሪካ ዜግነት ከሌላቸውና በውጭ ከተማሩት ተወዳዳሪዎች ቦታ የሚያገኙት ከአሥር ስድስት ገደማ ናቸው። ለቀሩት ደግሞ ነገሩ በሚቀጥለው ዓመት ይቀላል ማለት አይደለም። ከተመረቁ አምስት ዓመት ያለፋቸውን ከመጀመሪያው የሚያጣሩ የሥልጠና ፕሮግራሞች ብዙ ስለ ሆኑ፣ መጠበቅ ራሱ ብቃትን ይቀንሳል። አንድ ሰው ልምድ በጨመረ መጠን ዋጋው የሚወርድበት ሌላ ገበያ ማግኘት ይከብዳል።

ሚዛኑ ምን ይመዝናል?

ለተቆጣጣሪዎቹ ፍትሕ ማድረግ ተገቢ ነው። የተሳሳተ መድኃኒት ያዘዘ ሐኪም ወይም የበረዶን ክብደት ሳያሰላ ጣሪያ የነደፈ መሐንዲስ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚሸከመው ሕዝቡ ነው። የዩኒቨርሲቲዎች ጥራት በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ይለያያል፤ የተጭበረበረ ዲፕሎማም በዓለም ላይ አለ። ስለዚህ «ዲግሪ አለኝና ፈቃድ ይሰጠኝ» የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም። ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ፈተናውና መስፈርቱ የሚለካው የሰውየውን እውቀት ነው ወይስ እውቀቱን ያገኘበትን ቦታ?

በእውቅና ሕግ ውስጥ ይህን ጥያቄ በቀጥታ የነካው በ1997 በሊዝበን የተፈረመው የአውሮፓ ስምምነት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ የውጭውን ትምህርት ከአገሬው ጋር ኮርስ በኮርስ ማነጻጸርና አቻነቱን እንዲያስረዳ ባለቤቱን መጠየቅ ነበር። ስምምነቱ የማስረዳቱን ሸክም ወደ ገምጋሚው አዞረው፤ መሠረታዊ ልዩነት እንዳለ ገምጋሚው ራሱ ካላሳየ በቀር እውቅና መስጠት አለበት። በ2014 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የተሻሻለው የአፍሪካ አገሮች ስምምነትና በ2019 በዩኔስኮ ጸድቆ በመጋቢት 2023 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም በዚሁ መንገድ የሄዱ ናቸው። ችግሩ እነዚህ ሰነዶች በዋናነት የሚመለከቱት ለትምህርት የሚሰጥ እውቅናን መሆኑ ነው። ማስተርስ ለመማር የሚፈልገውን ይረዱታል፤ በዲግሪው መሥራት የሚፈልገው ግን አሁንም ወደ ተቆጣጣሪው አካል በር ይመለሳል።

ሚዛኑ ሲዛባ ምን እንደሚከተል እስራኤል ሳታስበው አሳይታለች። ከ1989 ጀምሮ በነበሩት አሥር ዓመታት ውስጥ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲገባባት፣ ከመጡት መካከል ሐኪሙና መሐንዲሱ ከአገሪቱ መጠን ጋር ሲታይ እጅግ ብዙ ነበር። መንግሥት ለሐኪሞቹ ሁለት መንገድ አበጀ፤ የሥራ ልምዳቸው ከ20 ዓመት በታች የሆነው የፈቃድ ፈተና እንዲቀመጡ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ፈተናው ቀርቶላቸው ለተወሰነ ጊዜ በነባር ሐኪሞች ክትትል ሥር እንዲሠሩ ተደረገ። የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ አድሪያና ኩግለርና ሮበርት ሳወር ይህን ልዩነት ተጠቅመው በ2005 ባሳተሙት ጥናት ፈቃድ ማግኘት ገቢን እጅግ እንደሚጨምር አሳዩ፤ ይህ ብዙ አያስገርምም። የሚያስገርመው ሁለተኛው ውጤታቸው ነው። የፈተናውን ረጅም መንገድ ተያይዘው እስከ መጨረሻ የሄዱት የግድ የተሻሉት ባለሙያዎች አልነበሩም። ከሕክምና ውጭም ሌላ ነገር መሥራት የሚችሉት፣ ጊዜያቸው ውድ የሆነባቸው፣ መጠበቁን ትተው ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል። በዚህም ምክንያት የፈቃድ መስፈርትን ማጥበቅ የሚሰጠውን አገልግሎት ጥራት ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ይከራከራሉ። ማጣሪያው ምርጡን ይመርጣል የሚለው እምነት ቢያንስ እንደ ገና መፈተን ያለበት ይመስለኛል።

የቀጣሪው በር

ፈቃድ የማይጠይቅ ሙያ ያለውም ሰው ወይም ፈቃዱን ያገኘው ሦስተኛ በር ይጠብቀዋል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ባለሙያ የሆኑት ፊሊፕ ኦሬኦፖሎስ በ2011 የታተመውን ጥናታቸውን ሲሠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲቪዎችን አዘጋጅተው በቶሮንቶ አካባቢ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ልከው ነበር። ሰዎቹ የሉም፤ ሲቪዎቹ ግን እውነተኛ አመልካች ይመስላሉ። በትምህርትም በልምድም እኩል ሆነው በስም ብቻ ሲለያዩ፣ የእንግሊዝ ስም ያለው ከቻይና፣ ከሕንድ ወይም ከፓኪስታን ስም ካለው ይልቅ 40 ከመቶ ያህል የበለጠ ለቃለ መጠይቅ ይጠራል። ልምዱ ከካናዳ ውጭ የተገኘ ሲሆን ደግሞ የመጠራት ዕድሉ የበለጠ ያሽቆለቁላል። ከብሪታንያ የመጣ አመልካች ግን ይህ ችግር አልገጠመውም። ስለዚህ ቀጣሪዎች «የውጭ ልምድ» ሲሉ የትኛውንም ውጭ ማለታቸው እንዳልሆነ መረዳት ይቻላል።

«የአገር ውስጥ የሥራ ልምድ» የሚለው መስፈርት ከሁሉም ይበልጥ ሰው የሚያስመርር ነው፤ ምክንያቱም ልምዱን ለማግኘት ሥራው፣ ሥራውን ለማግኘት ልምዱ ያስፈልጋል። ቶሮንቶ የምትገኝበት የካናዳ ክፍለ ሀገር የኦንታሪዮ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ፖሊሲ ይህን ያለ በቂ ምክንያት መጠየቅ በመጀመሪያ እይታ አድልዎ እንደሆነ ገልጿል። የክፍለ ሀገሩ የመሐንዲሶች ተቆጣጣሪ አካል ከአራት ዓመቱ የሥራ ልምድ ቢያንስ አንዱ ዓመት በካናዳ የተገኘ እንዲሆን የሚያስገድደውን ደንብ የተወው ግን በግንቦት 2023 ነው። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የኦንታሪዮ ሕግ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ቀጣሪዎች በሥራ ማስታወቂያቸው ላይ የካናዳ ልምድ እንዳይጠይቁ ይከለክላል። ማስታወቂያው ላይ ያልተጻፈ ነገር በቀጣሪው አእምሮ ውስጥ እንዳይኖር የሚያደርግ ሕግ ግን የለም።

ከአድልዎ ውጭ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ የሚሠራ ሌላ ምክንያትም አለ። የማኅበረሰብ ተመራማሪው ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባቀረቡት ትንታኔ እንደሚታወቀው፣ ሰው አዲስ ሥራ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ከቅርብ ወዳጁ ይልቅ ራቅ ካለ ትውውቅ ነው። የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለን፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሌላ ክበብ ነው። አዲስ ገቢው ያለው ግን ወገኑ ብቻ ነው። ወገን ደግሞ ለመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልገውን ሁሉ ያደርጋል፤ ያሳድራል፣ ቢሮ ለቢሮ ይዞ ይዞራል፣ እሱ ራሱ የሚሠራበት ቦታ ያስገባል። ይህ ደግነት ነው። ነገር ግን ያስገባው ቦታ እሱ ያለበት ቦታ ነው። መጋዘን ውስጥ ያለ የአገር ልጅ ሊጠቁም የሚችለው መጋዘን ሲሆን፣ የሒሳብ መሥሪያ ቤቱን ኃላፊ የሚያውቀው ሰው ግን ከክበቡ ውጭ ነው ያለው። በዚህ ላይ የቋንቋው ነገር ይጨመራል። የቋንቋ ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ያለፈ ሰው በስብሰባ መካከል የሚወረወር ቀልድ፣ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን» ተብሎ በለሰለሰ አነጋገር የሚመጣ እምቢታ፣ ራስን ያለ እፍረት የማወደስ የቃለ መጠይቅ ልማድ ሊያመልጠው ይችላል። በትሕትና ያደገ ባለሙያ «ቡድናችን ይህን ሠራ» ሲል፣ ጠያቂው «አንተስ ምን ሠራህ?» ብሎ ባዶ መስመር ይጽፋል።

ጊዜ እንደ ዕዳ

እነዚህ በሮች እያንዳንዳቸው ለብቻ ቢታዩ ሊታለፉ የሚችሉ ናቸው። ባለሙያውን የሚሰብረው ተራ በተራ መምጣታቸው ነው። የዲግሪው ማረጋገጫ እስኪመጣ ወራት ያልፋሉ፤ እስኪመጣ ድረስ ለፈተና መመዝገብ አይቻልም፤ ፈተናው በዓመት የተወሰነ ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ ካለፈ በኋላ የልምምድ ቦታ መፈለግ አለ። በዚህ ሁሉ መካከል የቤት ኪራይ በየወሩ ይመጣል። ያገኙትን ሥራ መያዝ ግድ ይሆናል፤ ሥራው ደግሞ በፈረቃ የሚሠራና አካልን የሚያደክም ሲሆን፣ ለፈተና የሚነበበው ከሌሊቱ በተረፈው ሰዓት ነው። «ለስድስት ወር ብቻ» ተብሎ የተያዘው ሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ሲቪው ራሱ ይለወጣል። የመጨረሻው ሥራ «መጋዘን» የሚል ሲሆን፣ ቀጣሪው የሚያነበው ከላይ ያለውን መስመር ነው። በጤና ሙያዎች ደግሞ ተቆጣጣሪዎች ባለሙያው በቅርብ ዓመታት ውስጥ በሙያው መሥራቱን ማስረጃ ስለሚጠይቁ፣ የጠበቀው ሰው በመጠበቁ ብቻ ከመስፈርቱ ይወድቃል። ዲፕሎማው በሻንጣ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉት ዓይነት።

በቤተሰብ ውስጥ ይህ ዕዳ በእኩል አይከፈልም። ባልና ሚስት ሁለቱም ባለሙያዎች ሆነው ሲመጡ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ገቢ የሌለው ጥናት ሊገቡ አይችሉም። አንዱ ይማራል፣ ሌላው ይሠራል። ተራዋን የምትጠብቀው ብዙውን ጊዜ ሴቷ ናት፤ ልጅ የመጣ እንደ ሆነ ተራው ይራዘማል፤ ከዚያ በኋላ «በቅርብ ዓመታት ሠርተሻል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይጠብቃታል። የሕዝብ ቆጠራው እንደዚህ ዓይነቷን ሴት ሲያገኛት የሚመዘግባት «ሥራ ያላት» ብሎ ነው።

ከዚህ አንጻር መፍትሔ ተብለው የተሞከሩትን መመዘን ያለብን ምን ያህል ጊዜ ያሳጥራሉ በሚለው ነው። ጀርመን ከሚያዝያ 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው የእውቅና ሕግ ማንም ሰው፣ ዜግነቱ ምንም ይሁን፣ የውጭ ሙያው እንዲገመገምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ሰነዱ ከተሟላም በመደበኛነት በሦስት ወር ውስጥ መልስ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ከዚህም ይልቅ የሚጠቅመው «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ሳይባል ከፊል እውቅና መስጠት መቻሉ ነው፤ የጎደለው ነገር ተለይቶ ይነገረዋል፣ ያንኑ ብቻ ያሟላል። በተግባር የሰነድ መጓተትና የክልሎች ልዩነት ብዙ ቅሬታ ያስነሳል፤ ሐሳቡ ግን ትክክለኛ ነው። ስዊድን ከ2015 ጀምሮ ከቀጣሪዎችና ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ሆና እጥረት ባለባቸው ሙያዎች ፈጣን መንገድ የምትለውን አሠራር ዘረጋች፤ ቋንቋው ቀድሞ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ ከሥራው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድበት ነው። በካናዳ ልምድ ያላቸውን የውጭ ሐኪሞች ለ12 ሳምንት በሥራ ላይ እያሉ የሚመዝን ፕሮግራም በተለያዩ ክፍላተ ሀገር አለ። በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት በ2023 ባወጣችው ሕግ በውጭ ሠልጥነው የሠሩ ሐኪሞች ሬዚደንሲውን ሳይደግሙ በክትትል ሥር የሚሠሩበትን በር ከፍታለች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከትለዋታል። ዊንድሚል የተባለው የካናዳ ድርጅት ደግሞ ከ2005 ጀምሮ ባንክ የማያበድራቸውን ባለሙያዎች ለፈተናና ለሥልጠና ወጪ ያበድራል። ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ ነገር ግን ብድሩ የሌሊት ፈረቃውን ለስድስት ወር ካስተወ፣ የሚገዛው ያንን የጎደለውን ጊዜ ነው።

ከእነዚህ መካከል በእኔ እይታ ከሁሉ የሚሻሉት ሰውየው እየተከፈለው፣ በክትትል ሥር፣ በሙያው ውስጥ ሆኖ እንዲመዘን የሚያደርጉት ናቸው። ፈተና ያነበበውን ይለካል፤ በሥራ ላይ የሚደረግ ምዘና ደግሞ ከሕመምተኛ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር፣ ስሕተት ሲሠራ እንዴት እንደሚያርም ያሳያል፤ በዚያው «የአገር ውስጥ ልምድ» የሚባለውም ይገኛል። ስልጠና ብቻ የሚሰጡ ፕሮግራሞች፣ በተለይ «ሲቪ አጻጻፍ» እያሉ ለ15 ዓመት የሠራን መሐንዲስ ከጀማሪ ጋር የሚያስቀምጡት፣ የሚጠቅሙት ስደተኛውን ይሁን ሥልጠናውን የሚሸጠውን ለመለየት ያስቸግራል።

የላኪው አገር ኪሣራም ሊዘነጋ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 የጤና ባለሙያዎችን በዓለም አቀፍ ደረጃ ስለ መመልመል የሥነ ምግባር ደንብ አውጥቷል፤ በ2023 ደግሞ የጤና ባለሙያ እጥረታቸው የከፋ ብሎ 55 አገሮችን ዘርዝሯል። ስለ ምሁራን ፍልሰት ሲነገር የሚታሰበው አንዱ ያጣውን ሌላው ያገኘዋል ተብሎ ነው። ሐኪሙ መንገድ ላይ ሲቀር ግን ያስተማረው አገር አጥቶታል፣ የጋበዘው አገርም አላገኘውም።

ለመሄድ እየተዘጋጀ ላለ ባለሙያ ከዚህ ሁሉ የሚወጣ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ፤ የሙያውን ተቆጣጣሪ አካል መስፈርት ከቪዛው ማመልከቻ በፊት ማንበብ። የትኛው ክፍለ ሀገር ወይም ግዛት ፈቃድ እንደሚሰጥ፣ የቋንቋ ውጤቱ ለቪዛው ከሚጠየቀው ከፍ ያለ መሆን አለመሆኑን፣ ፈተናው ከአገር ሳይወጡ መቀመጥ ይቻል እንደ ሆነ ማወቅ ዓመት ያተርፋል። ገምጋሚዎች ብዙውን ጊዜ ትራንስክሪፕቱን በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ይፈልጋሉ፤ ከዚያም አልፈው የየኮርሱን ዝርዝር ይዘት ይጠይቃሉ። ይህ ወረቀት በትምህርት ክፍሉ ካቢኔ ውስጥ ያለ፣ ማንም ትኩረት የማይሰጠው ነገር ነው፤ በአካል ሄዶ የሚጠይቀው ሰው በሁለት ቀን ያገኘዋል፤ ከባሕር ማዶ የሚጠይቀው ግን ስልክ የሚያነሳ ሰው በመለመን ወራት ሊያሳልፍ ይችላል። የቀጣሪ ደብዳቤም እንዲሁ ነው፤ የሥራ ዘመኑን ብቻ ሳይሆን የሠራውን ሥራ በዝርዝር የሚናገር መሆን አለበት።

በጦርነት ሸሽቶ የወጣ ሰው ግን ካቢኔው ተቃጥሎ፣ ሬጅስትራሩም ተሰድዶ ይሆናል። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2017 ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው የአውሮፓ የብቃት ፓስፖርት ለስደተኞች የሚባል አሠራር ጀመረ። አመልካቹ የተማረውን በመጠይቅ ይሞላል፤ ከዚያ ገምጋሚዎች ፊት ለፊት ቀርበው ምን እንደ ተማረ፣ ማን እንዳስተማረው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ምን እንደ ነበረ ይጠይቁታል፤ በእጁ ያለችውን ጥቂት ወረቀትም ከንግግሩ ጋር ያመሳክራሉ። አሳማኝ ሆኖ ካገኙት ለአምስት ዓመት የሚያገለግል ሰነድ ይሰጡታል። ሰነዱ ዩኒቨርሲቲ ለመግባትና ሥራ ለመጠየቅ ይረዳዋል። በሙያው ለመሥራት ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ ግን፣ ሰነዱን ይዞ እንደ ሌላው ሁሉ ወደ ተቆጣጣሪው አካል ሄዶ ተራውን ይጠብቃል።